ጎማ ብዬ የጻፍኩበት ሰሌዳ

አባታችን የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ጠባቂ ነበር። ቤታችን ከቦርጎሬኖ ከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ መንገዱና ሐዲዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበረች፤ ቢጫ ቀለም የተቀባች፣ ሁለት ክፍል ያላት፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቿ የሚንጫጩ። ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን እንጨት ማውረድ፣ ሲያልፍ ማንሳት፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ መያዝ፤ ኑሯችን ይኸው ነበር።

እናታችን ቀድማ ስለሞተችብን፣ አባባ ሲደክመው ባንዲራውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኔቪዮ ደግሞ ሰባት። ኮርቻው ላይ ቁጭ ሲል እግሩ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስለት፣ በአባባ ብስክሌት ብረት መሐል እግሩን አሹልኮ ቁልቁለቱን እየበረረ ይመጣ ነበር። አግዳሚው እንጨት ለጋሪ ነው እንጂ ለሱ ምኑም አይደል፤ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። መታጠፊያው ስለሚከልለው ባቡር ይምጣ አይምጣ አያይም። የሚያየው የእኔን እጅ ብቻ ነው። አረንጓዴ ካነሳሁ ግራ ቀኝ ሳይል ሽው ብሎ ይሻገራል። ቀይ ካነሳሁ አቧራውን እያቦነነ ቀጥ ይላል።

አባባ አንድ ቀን ይኼን ጉዳችንን ደረሰበት። የሁለታችንንም ጆሮ ይዞ ወደ ቤት ካስገባን በኋላ ኔቪዮን ተወና ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚ ኤርሲሊያ። ባንዲራ የያዘ ሰው ሊያዛጋ ይችላል፣ ሊርበው ይችላል። ያላየውን ግን አያነሳም። ሰው ነገረኝ ብለሽ አታንሺ። አይተሽ አንሺ።»

«እሺ አባባ» አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ልጆቼ።

ከጦርነቱ በኋላ ኔቪዮ ወታደሮች ጥለዋቸው የሄዱትን የጭነት መኪኖች እየጠገነ፣ ከጠገነ በኋላም በሰፈሩ እያበረረ ዶሮ ሲፈጅ፣ አንድ ቀን ሲኞር ታሲናሪ የሚባሉ ሰው አዩት። የእሽቅድድም ቡድን ነበራቸው፤ ሦስት ቀይ መኪና፣ አሥራ አንድ መካኒክ፣ አንድ ትልቅ ድምፅ። ወደ እሳቸው የወሰደው የክርስትና አባቱ ዘልሚሮ ነው። ዘልሚሮ የቡድኑ ዋና መካኒክ ነበር፤ ኔቪዮን በጥምቀቱ ቀን የታቀፈው፣ መጀመሪያ ቁልፍ መፍቻ ያስያዘው እሱ ነው። እኛ አጎቴ ነበር የምንለው። እኔንም ያስቀጠረኝ እሱ ነው፣ ሰዓት ያዥ አድርጎ። የባቡር ጠባቂ ልጅ ከሰዓት ጋር ነው የሚያድገው፤ ሁለት ሰዓት በሁለት እጄ ይዤ የስድስት መኪና ዙር ሳላምታታ እመዘግብ ነበር። ለሹፌሮቹ በጠመኔ የሚጻፍበትን ጥቁር ሰሌዳም እኔው ነበርኩ የምይዘው።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም። የቡድኑ አንደኛ ሹፌር መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸበት፣ ታናሹ ሹፌር በሰሌዳ ይጠራል። ይገባል፣ ይወርዳል፣ አንደኛው ይወጣበትና ይቀጥላል። ሕጉም ይፈቅድ ነበር። ነጥቡን ለሁለት ይካፈላሉ፤ ጋዜጣው ላይ ያለው ፊት ግን የአንድ ሰው ነው።

የእኛ አንደኛ ኮራዶ ቪስማራ የሚባል የሚላን ሰው ነበር፤ መልከ መልካም፣ ፀጉሩ ሄልሜት ሲያወልቅ እንኳ የማይበላሽ። በዚያ ዓመት፣ ጦርነቱ ካለቀ በሰባተኛው ዓመት ማለት ነው፣ ኔቪዮ ሁለት ጊዜ ወርዶለታል። አንዴ ፈረንሳይ፣ አንዴ ቤልጅየም። ቤልጅየም ላይ ዝናብ እየዘነበ ከሁለተኛ ቦታ ወርዶ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣

«ኤርሲ፣ እኔ እኮ ሹፌር አይደለሁም» አለኝ። «የቪስማራን ወንበር የማሞቅ ብርድ ልብስ ነኝ።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ውሃውን ጨመቀው።

ቀጣዩ ውድድር እዚሁ፣ ቦርጎሬኖ ነበር። ከኛው ቤተ ክርስቲያን ፊት ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በቦዩ ዳር ዞሮ የሚመለስ የከተማ መንገድ። ከውድድሩ በፊት ባለው እሑድ ሲኞር ታሲናሪ ቤታችን ለምሳ መጡ። ቶርቴሊኒውን፣ ሥጋ የተሞላውን ፓስታ፣ ከነሾርባው ሁለቴ አስጨመሩ፤ ሦስተኛውን ሲያስቡ ኔቪዮ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሲኞር ታሲናሪ፣ ቦርጎሬኖ ላይ አልወርድም።»

«ኧረ በስመ አብ! ሾርባው እንኳ ሳይበርድ ነው የምትቆጣኝ?»

«እየተቆጣሁ አይደለም። እየለመንኩዎት ነው። ሌላ ቦታ የፈለጉትን ያህል ያውርዱኝ። እዚህ ግን የጀመርኩትን ልጨርስ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ስጨርስ ይየኝ።»

አባባ ዳቦውን ይቆርስ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ልጄ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም» አለ።

ታሲናሪ ናፕኪኑ አንገታቸው ላይ እንደተሰካ ብድግ አሉ። የአባባን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሲኞር አኪሌ፣ በዚህ ማዕድ ፊት ቃሌ ነው። ቦርጎሬኖ ላይ ኔቪዮ የጀመረውን ኔቪዮ ይጨርሰዋል። የቪስማራ መኪና ከቆመች፣ ቪስማራ በእግሩ ይሂድ! እግር አለው አይደል?»

ሁላችንም ሳቅን። ዘልሚሮም ነበር፣ እሱም ሳቀ። አባባ ለበዓል ያስቀመጣትን የላምብሩስኮ ወይን ጠርሙስ ከፈተ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ኔቪዮ ቀጭን ጫማውን እያሰረ ጠራኝ።

«ኤርሲ፣ የታሲናሪን እጅ አላይም። ሰሌዳውን አንቺ ካልያዝሽው፣ የፈለገው ቢጻፍበት ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ነው የምለው።»

«ቃል ገብተው የለም እንዴ?»

«ገብተዋል። ግን ሾርባ እየበሉ ነው የገቡት።»

«እሺ። አደጋ ካላየሁ እኔ አልጠራህም።»

«በቃ። አንቺ ካነሳሽ እገባለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም።»

ሃምሳ ዙር ነበር። ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። መኪኖቻችን ለነዳጅና ለጎማ ከሚገቡበት መቆሚያ በላይ ባለው ሰገነት ላይ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አርጊያ፣ ድምፅ ማጉያውን የምታስንቅ ሴት፣ ከማለዳ ጀምራ ትጮሃለች። ሦስተኛዋ መኪናችን ገና በአምስተኛው ዙር መንገዱ ዳር የተደረደረው ገለባ ውስጥ ገብታ ቀረች። ቪስማራ ይመራል፣ ኔቪዮ ሁለተኛ፣ ከኋላቸው ሰማያዊዎቹ የፈረንሳይ መኪኖች። በሠላሳ አንደኛው ዙር ቪስማራ ሳይመጣ ቀረ። ማርሹ ተሰብሮ ቦዩ ዳር ቆሞ ኖሮ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄልሜቱን በብብቱ አድርጎ በእግሩ መጣ። ልክ ታሲናሪ እንዳሉት።

ኔቪዮ አንደኛ ሆነ።

«ኤርሲሊያ!» አለች አርጊያ ከላይ። «ወንድምሽ ካሸነፈ ባሌን እሰጥሻለሁ!»

«በነፃ ብትሰጪኝም አልወስደው!»

«ዳቦ ይጋግራል እኮ!»

«ዳቦውንማ በልቼ አውቀዋለሁ፣ አርጊያ!»

መቆሚያው በሙሉ ሳቀ። በሠላሳ ስምንተኛው ዙር ኔቪዮ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ይመራ ነበር። ባለፈ ቁጥር ጣቱን ከመሪው ላይ ቅንጣት ታህል ያነሳልኛል፤ አየሁሽ ማለቱ ነው።

ከዚያ ታሲናሪ ራሳቸው ሌላ ሰሌዳ አንስተው ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጡ። ግባ የሚል ነው። ደሜ ፈላ። ኔቪዮ መጣ፤ እጁን ከዓይኑ በላይ አድርጎ ፀሐይ እንደ ወጋው ሰው ሆነና አለፈ። አርጊያ «ጥላ ግዙለት ልጁን!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ታሲናሪ አልሳቁም። ሰሌዳውን መሬት ላይ ጥለው ከነዳጅ በርሜሎቹ ጀርባ ሄዱ። ዘልሚሮን በእጃቸው ጠሩት።

እኔ ዓይኔን ወደ ሰዓቴ መለስኩ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ዘልሚሮ ወደ እኔ ሲመጣ አርባኛው ዙር ላይ ነበርን። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

«ልጄ፣ ኔቪዮን ጥሪው።»

«አጎቴ፣ እርስዎም?»

«ለቪስማራ አይደለም። የኋላ ቀኝ ጎማው አልቋል። ከላስቲኩ ሥር ያለው ሸራ ነጭ ሆኖ ወጥቷል።»

ባለፈው ዓመት ድልድዩ መውረጃ ላይ ጎማ የፈነዳበት ልጅ ነበር። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።

«አዩት?»

«አየሁት።»

«በደንብ አዩት፣ አጎቴ?»

«ኤርሲሊያ» አለ፣ ጨርቁን እያየ። «እኔ እኮ የክርስትና አባቱ ነኝ።»

አሁን ያ ጨርቅ ነው የሚመጣብኝ። እጁ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ እጅ ምኑ ይጠረጋል?

ያን ጊዜ ግን ኔቪዮ እየመጣ ነበር። የኋላ ቀኝ ጎማው በእኔ በኩል ነው፤ ከእግሬ አራት እርምጃ ርቆ ነው የሚያልፈው። ዓይኔን አንስቼ አንዴ ባየው ኖሮ ጥቁር ይሁን ነጭ እለይ ነበር። ነገር ግን የሰዓት ያዥ አመል ክፉ ነው። መኪና ስትመጣ ዓይኑ የሰዓቷ መርፌ ላይ፣ አውራ ጣቱ ቁልፏ ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት። ተጫንኩ፤ ጻፍኩ። ቀና ስል የቀረው አቧራው ብቻ ነበር።

ሰሌዳውን አነሳሁ። በጠመኔ፣ በትልቁ፣ ጎማ ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ሰሌዳውን ከራሴ በላይ ይዤው ነበር። አየኝ። ጣቱን አልነበረም ያነሳው፣ ሙሉ እጁን ነው። እሺ፣ በሚቀጥለው እገባለሁ ማለቱ ነው። ለምን ብሎ አልጠየቀም።

እንግዲህ አንድ ዙር፣ ሁለት ደቂቃ ከምናምን፣ ጎማውን ለማዘጋጀት ጊዜ አለ። ዞሬ አየሁ። ክሪኩ የለም። አዲስ ጎማ ይዞ የቆመ ሰው የለም። ዘልሚሮ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቪስማራ ግን ሄልሜቱን አጥልቆ፣ የቆዳ ጓንቱን ጣት በጣት እያስገባ ነበር።

«ጎማው የታለ?» አልኩ። «አጎቴ! ጎማው የታለ?»

ቪስማራ ሁለተኛውን ጓንት አጠለቀ።

ወደ መንገዱ ጠርዝ ሮጥኩ። የጻፍኩትን በቀሚሴ እጅጌ ጠረግሁት፣ አልጠፋ ቢል በምራቄ ጠረግሁት፤ ከዚያ ባዶውን ሰሌዳ እያራገብኩ ሂድ፣ ሂድ እያልኩ ጮህኩ። ሞተር በሚጮህበት ቦታ የሴት ጩኸት ምን ይሆናል? እሱ አስቀድሞ ፍሬን ይዟል። ስዘል ሲያየኝ አደጋው የባሰ መስሎት ኖሮ፣ ከተለመደው በላይ ፈጥኖ ነው ገብቶ የቆመው።

ታሲናሪ ጎንበስ ብለው በትከሻው በኩል እጃቸውን ሰደዱና ሞተሩን አጠፉት። የዚያን ዘመን መኪና መካኒኮች በማስነሻ ካልረዱት አይነሳም። ስለዚህ አለቀ።

ኔቪዮ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። ፊቱ በሙሉ ዘይት ነው፣ በዓይኖቹ ዙሪያ ብቻ ነጭ። «ቶሎ በሉ እንጂ! የቱ ጎማ ነው?»

«ውረድ፣ ኔቪዮ» አሉ ታሲናሪ።

«የቱ ጎማ ነው እኮ የምለው?»

«ውረድ ልጄ። ሰከንዱ ይሄዳል። ሰማያዊዎቹ ይቀድሙናል።»

ያኔ ቪስማራን ከነጓንቱ አየው። ከዚያ እኔን ፈለገ። ሰሌዳው አሁንም እጄ ላይ ነበር፤ እጅጌዬ በሙሉ ጠመኔ ነው።

«ኤርሲ። አይተሻል?»

«ነገሩኝ» አልኩት።

«ነገሩሽ» አለ።

አልጮኸም። ቢጮህ እንዴት በተሻለኝ! መሪውን ነቅሎ ለቪስማራ አቀበለው፣ ወንበሩ ላይ ቆመ፣ ወረደ። ዘልሚሮ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ቆም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ከበርሜሎቹ ጀርባ አልፎ ሕዝቡ መሐል ገባ። መኪናዋ ተነሥታ ወጣች። ጎማ የነካ ሰው አልነበረም።

አርጊያ ከሰገነቷ ላይ ዝም አለች። በሕይወቷ ዝም ስትል ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት።

ቪስማራ በሰባት ሰከንድ አሸነፈ። በድምፅ ማጉያው ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ የወንድሜ ስም አንድ ጊዜ፣ እሱም በመጨረሻ፣ ሰው መጮህ ከጀመረ በኋላ። አበባው አንገቱ ላይ እንዳለ ቪስማራ ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ውሸት አልናገርበትም። ስለ ምሳው ቃልም የነገረው ያለ አይመስለኝም።

«እህቱ ነሽ አይደል? በይው፣ እጁ መልካም ነው። መኪናዋን ምንም አላደከማትም። ጎማዋ ራሱ ገና ሃምሳ ዙር ይሄዳል።»

ቀስ ብዬ ሄጄ የኋላ ቀኙ ጎማ አጠገብ ተንበረከክሁ። ገና ይፋጃል። የአውራ ጣቴን ጥፍር ጎድጎዱ ውስጥ ከተትኩት። ጥፍሬ በሙሉ ገባ።

ዘልሚሮ ከበላዬ ቆሞ ነበር። ጥላውን አየሁት።

«ታሲናሪ ‹አንተ ካልነገርካት አታምንም› አለኝ» አለ።

«እና?»

«ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር ነኝ፣ ልጄ።»

«እና፣ አጎቴ?»

«እና ነገርኩሽ።»

ሰዓቶቹን ሁለቱንም አንገቴ ላይ ካለው ገመድ ፈትቼ ጎማው ላይ አስቀመጥኩለት። ሰሌዳውን አጠገቡ አቆምኩት። ሰላም ይዋሉ አላልኩትም። የታሲናሪን ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ እሳቸውም ለምሳ አልመጡም።

በቦዩ ዳር ባለው አቋራጭ ብስክሌቴን እየነዳሁ ቤት ከኔቪዮ ቀድሜ ደረስኩ። አባባ፣ የሚተካው ሰው ጠፍቶ ማቋረጫውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ፣ ውድድሩን በሬዲዮ ነበር የሰማው፤ አሁን አጥፍቶት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስገባ አየኝና ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት ባንዲራዎች አመለከተኝ። «የአሥራ አንድ ተኩሉ ሊደርስ ነው» አለኝ። «ዛሬ እግሬ እምቢ ብሎኛል፤ ያዢልኝ።» ባንዲራዎቹን አውርጄ ወጣሁ።

ባቡሩ መጣ፣ አለፈ። አግዳሚውን አነሳሁ። ያኔ ነው ኔቪዮ ከመታጠፊያው ብቅ ያለው። በእግሩ ነው፤ የእሽቅድድም ልብሱን እንደለበሰ፣ ሄልሜቱን በማሰሪያው አንጠልጥሎ። ከከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር በዚያ ቀጭን ጫማ። ፊቱን እንኳ አልታጠበም።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አረንጓዴውን ከፍ አድርጌ አነሳሁ።

አየኝ። ሐዲዱ ጋ ደረሰና ቆመ። ግራውን አየ። ባቡሩ ወደ ሄደበት፣ ጭሱ ገና ወዳልጠፋበት ወደ ቀኙም አየ። ደግሞ ግራውን አየ። ከዚያ ተሻገረ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣

«አባባ በላ?» አለኝ።

«አልበላም።»

«ነይ፣ አብረን እንብላ» አለኝ፤ ቀድሞኝ ገባ።

ለታሲናሪ ዳግመኛ አልነዳም። ሁለት ዓመት ለአንድ ትንሽ ቡድን ነዳ፤ አሸንፎ አያውቅም፣ ያስጀመሩትን ግን አስጨርሰውታል። ከዚያ የትራክተር ጋራዥ ከፈተ። ዘልሚሮ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ኔቪዮ ነበር። እኔንም ይቅር ብሎኛል፤ «አንቺም እንደኔ ነው የተታለልሽው» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ልጆቹን ያሳደግሁለት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሐዲዱን ነቅለው ወስደውት ቦታው በቆሎ ተዘርቶበታል። እሑድ እሑድ ኔቪዮ በመኪናው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደኛል። አሮጌው ማቋረጫ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ያቆማል። ግራውን ያያል። ቀኙን ያያል። ደግሞ ግራውን ያያል። እኔ ወዲያ ማዶ ያለውን በቆሎ እያየሁ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።